ቀዩ ጨርቅ

ወታደሮቹ የሰጎኖቹን ጎጆ ከሩቅ ተኩሰው በታተኑት። ከነእንቁላሉ።

በጦሩ የተኩስ ልምምድ ሜዳ ላይ የዱር እንስሳት ጥበቃውን የምትመራው ሴትዮ ስትደርስ የቀረው ጉድጓድ ነው። ወንዱ ሰጎን ይዞረዋል። ቆም ይላል፤ ደግሞ ይዞራል። አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ወደ ሜዳው አዛዥ፣ ወደ ሻለቃው ቢሮ ሄደች።

መጀመሪያ የተገናኙ ቀን ሻለቃው፣ «እኛ እዚህ የምንተኩሰው አውሬ እንዲሸሽ እንጂ እንዲራባ አይደለም» ብሏት ነበር።

«እናንተ ስላላችሁ አዳኝ አይገባም። አውሬው ከናንተ ጋ የተስማማው ለዚህ ነው» አለችው።

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በመኪናው እየነዳ አብሯት ጎጆ ይፈልጋል። ምሳዋን ስትረሳ ከራሱ ያካፍላታል። ሁሌ ትረሳለች። አንዳንዴ አውቃ።

አሁን ግን ሳትቀመጥ ጠየቀችው።

«ማነው ያዘዘው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንቁላል እንዳለበት እያወቁ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ሰው መስለውኝ ነበር» አለችና በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችውም። መጨረሻ ላይ ከወታደሮቹ አንድ ሾፌር ነገራት።

«ሻለቃ ተዛውረው ሊሄዱ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው ብለው።»

«የሳቸው ነዋ።»

«ኧረ እህቴ... ጎጆው ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረው ማነው?»

«እኔ። ሻለቃው ስብሰባ ሄደው በነበረ ጊዜ። እንዳትረግጡት ብዬ።»

ሾፌሩ ጭንቅላቱን ያዘ። «እኛ ጋ ቀይ ጨርቅ ያልፈነዳ ቦምብ ነው። ማንም አይጠጋውም፤ ከሩቅ ነው የሚመታው። አለቃቸው ኮሎኔሉ ‹ማነው ያሰረው› ሲሉ፣ ሻለቃ ‹ምልክታችንን ሳላስተምር ያስገባኋት እኔ ነኝ› አሉ። አለዚያ የጥበቃ ፕሮግራምሽ ይሄኔ ተዘግቷል።»

አፏን ብትይዝ ሥራዋ ይተርፋል፤ እሱ ይሄዳል። ብትናገር የቀሩት ጎጆዎች ጠባቂ ያጣሉ። የኮሎኔሉ በር ላይ እስክትደርስ አልወሰነችም ነበር።

«ጨርቁን ሳልጠይቅ ያሰርኩት እኔ ነኝ። የሚሄድ ካለ እኔ ልሂድ።»

ኮሎኔሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «እሱም እኔ ነኝ ይላል፣ አንቺም እኔ ነኝ ትያለሽ። ሰው ሹመት ሲሻማ አይቻለሁ፤ ጥፋት ሲሻማ ግን... በይ ልጄ፣ ሁለታችሁም ማስጠንቀቂያ ይጻፍባችኋል። እሱም አይሄድም። አንቺም ብቻሽን ሜዳዬን አትረግጪም። ቀይ ጨርቅ ደግሞ እንዳላይ።»

ሻለቃው ሻንጣውን ሲያስር አገኘችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። እጁ ሻንጣው ላይ ቀረ።

«እንቁላሎቹን ያስጨረስኩ እኔ ነኝ እያልሽ እንድትኖሪ? እኔን ብትጠይ ይሻላል ብዬ ነው። ደግሞ ሳላይ አዝዣለሁ። ሄጄ ማየት ነበረብኝ።»

«ጠልቼህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አልሆነልኝም እንጂ።»

ቀና ብሎ አያት።

«አትሄድም ብለዋል ኮሎኔሉ» አለችው። «እኔም ብያለሁ። አሁን ንገረኝ፤ እናንተ ጋ ምንም ማለት ያልሆነ ቀለም የቱ ነው?»

አሰበ። «ቢጫ።»

የአንገት ልብሷን ፈታች። ቢጫ ነው። አንዱን ጫፍ እሱን አስያዘችውና ቀደደችው።