አሥራ አንደኛው ጥያቄ

የልብስ ማስተካከያ ሱቋ በር በተከፈተ ቁጥር ዞያ ቴንን መርፌው ጣቷን መውጋት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው። ጥፋቱ የዶንግሃ ነው።

ዶንግሃ ከከተማው አስተዳደር የተላከ መጠይቅ አስሞይ ነው። ነዋሪው እኩል ይታይ እንደሆነ፣ ከተማዋን የራሴ ይላት እንደሆነ ቤት ለቤት ይጠይቃል። ዞያ ሌላውን ሁሉ ሞልታ አሥራ አንደኛውን ባዶ ተወችው፤ «ይህች ከተማ የእኔ ናት ይላሉ?» የሚለውን።

«ይቺን ብቻ ቢሞሉልኝ» አላት በመጀመሪያው ቀን።

«ቅድመ አያቶቼ ኮሪያውያን፣ እኔ ታሽከንት የተወለድኩ፣ በዘጠኝ ዓመቴ እዚህ ኮሪያ የመጣሁ። የማን እንደሆንኩ እናንተ ስትወስኑ እሞላዋለሁ።»

በማግስቱ ተመለሰ። ከዚያም ቁልፍ ሊያስተክል፣ ከዚያም ሱሪ ሊያሳጥር። በሁለተኛው ሳምንት «እርስዎ» ማለቱን ተወና «አንቺ» አላት።

«ይሄ ሱሪ ከዚህ በላይ ካጠረ ቁምጣ ነው የሚሆነው» አለችው።

ሳቀ።  ሳቁ ከመርፌው ይልቅ አስጨነቃት።

አክስቷ ሌላ ከተማ፣ ቡሳን ውስጥ ሥራ አግኝታላት ቅዳሜ እንድትመጣ ቀጥራታለች።

«አትሂጂ» አላት ዶንግሃ። «ሐሙስ የከተማው ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተናገሪ። ከተማዋ ትስማሽ።»

«እሺ ትስማኝ። ካልሰማችኝ ግን ቅዳሜ የለሁም።»

ሐሙስ አዳራሹ ጢም አለ። በግራ፣ ለአገሬው ሰው በተለየው ረድፍ፣ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጠ ዕቃ የለም። በቀኝ፣ ከውጭ ለመጡት በተለየው ረድፍ፣ በየወንበሩ የትርጉም ማዳመጫ ተቀምጧል። የዞያ ስም የተለጠፈበት ወንበር ላይም አለ።

ዶንግሃን ጠራችው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ በምን ቋንቋ ነበር የምናወራው?»

ፊቱ ቀላ። አለቃው ከኋላው ቆመዋል። «በፓስፖርት ዝርዝር ነው የደለደልኩት… እርስዎ…»

«እርስዎ?»

ማዳመጫውን አንስታ ጆሮው ላይ ሰካችለት። ተራዋ ሲደርስ በልጅነት ቋንቋዋ፣ በሩሲያኛ ተናገረች። የግራው ረድፍ ግራ ተጋብቶ እርስ በርሱ ተያየ፤ ማዳመጫ የለውማ። ከዚያ ወገን፣ ቃሏን ወደ ኮሪያኛ የምትመልሰውን ተርጓሚ በማዳመጫው የሚሰማ ዶንግሃ ብቻ ነበር።

«አንድ ሰው መልሴን ፍለጋ ሱሪዎቹን ሁሉ አስቆረጠ» አለች። «ለሱ ስል ከተማዋን የእኔ ናት ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ዛሬ ግን ዓይኔን ትቶ ፓስፖርቴን አይቶ አስቀመጠኝ።»

ከጎኗ የነበሩት እማማ ቬራ «እኔ ብሆን ሱሪውን ሳይሆን እሱን ነበር የምወጋው» ብለው ረድፉን በሳቅ አፈረሱት።

«ምን አለች?» አሉ አለቃው።

ዶንግሃ ማዳመጫውን አወለቀ። «ስለ እኔ ነው የተናገረችው» አለ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ። «እውነቷን ነው። ወንበሮቹን እንዲህ የከፈልኳቸው እኔ ነኝ።» በአለቃው ፊት አልፎ ወደ ቀኙ ረድፍ ሄደ። እማማ ቬራ እያጉረመረሙ ጠጋ አሉለት።

ሲወጡ ደረጃው ላይ ጠበቃት።

«ቅዳሜስ?»

«አልሄድም።» ፊቱ ሲበራ አየችና ቶሎ ብላ ጨመረች፤ «ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ።»

«ታዲያ ለማን?»

«ዛሬ የሰማኝ የአዳራሹ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ይቀረኛል።»

ቆሞ ያያት ጀመር። እሷ ግን መቆም አላስቻላትም። እጅጌውን ያዘችና ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ቁልቁል ጎተተችው።