እንደ ቆማችሁ ክረሙ

ጂንካ ውስጥ «አማላጁ አዝማሪ» የተባለውን ፊልም ያላየ ሰው ቢፈለግ የሚገኙት አቶ ሀብተ ማርያም ብቻ ነበሩ። የማርና የቅቤ ነጋዴ ናቸው። ቪዲዮ ቤት የሥራ ፈት መዋያ ነው ይላሉ፤ በደጃፉ ማለፍ እንኳን አይወዱም። ልጃቸው ምህረት ግን እሳቸው ወደ አልዱባ ገበያ በወጡ ቁጥር ከጎረቤቷ ከሱዓድ ጋር ሹልክ ትል ነበር።

ነገሩ በሁለት ሺህ ዓ.ም. ገደማ ነው። ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ብዙም ሳይታይ ወረደ ይባላል። ጂንካ ግን ያዘችው፣ አልለቅም አለች። ታሪኩ በእነዚያ ሰው በሚያስለቅሱት የፍቅር ፊልሞች ላይ ማሾፍ ነው። ሽማግሌ ያጣ አንድ ወንደላጤ አዝማሪ ቀጥሮ ይልካል፤ አዝማሪው ልጅቷን መጠየቁን ይተውና የቤቱን ሰው በመሲንቆው ተራ በተራ ይሸነቁጣል። መጨረሻ ላይ «ቆመናል፣ ጌታዬ፣ ቆመናል» እያለ ሲያንጎራጉር የልጅቷ እናት ከጓዳ ብቅ ትልና «እንደ ቆማችሁ ክረሙ!» ትለዋለች። እዚህ ላይ ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ አብሯት ይጮሃል። አማርኛ አፉን የፈታበትም፣ ከአሪ መንደር ለገበያ የመጣውም እኩል ይጮሃል። ኋላማ ነገሩ ከቪዲዮ ቤት አልፎ ወጣ፤ ሚኒባስ ተራ ላይ አንዱ «ቆመናል» ካለ ሌላው «ክረሙ» ይለዋል።

አንድ ቀን ታዲያ አዝማሪው አፉን እንደ ከፈተ ሲዲው ቀጥ አለ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ምህረት ከአግዳሚው ወንበር ሳትነሳ ዘፈኑን ካቆመበት ቀጠለችው። ድምጿ ይህን ያህል አልነበረም፤ አንድ ቃል ግን አልሳተችም። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ቪዲዮ ቤቱን የሚያሠራው ደምሰው ማን እንደሆነች ለማየት ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት፤ ሲዲውን ማስተካከል የረሳው ግን እሱ ነው።

ደምሰው ከጂንካ ወጣ ብላ ያለችው የገዘር ከተማ ልጅ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የምህረት ቦታ አቧራው ተጠርጎ ይጠብቃት ጀመር። ወሬያቸው በፊልም ተጀመረ፣ ወደ እናቱ ሕመም፣ ወደ እሷ ትምህርት ሄደ፤ እንደዚህ እያለ ዓመት ሞላው። አንድ ከሰዓት በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል አብረው ሲሄዱ ቆም አለ።

«ሽማግሌ ልልክ ነው።»

«አባዬ ቪዲዮ ቤት አይወድም።»

«አንቺስ? አንቺ እኔን ትፈልጊኛለሽ?»

ምህረት አፍራ ዝም አለች፤ እጁን ብቻ ያዘችው። ለእሷ ይህ ከበቂ በላይ መልስ ነበር።

ግንቦት ላይ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ የደምሰው አጎት አቶ ሽመልስ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከገዘር መጡ። ምህረት ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆና ትሰማለች። አባቷ ተቀመጡ ቢሏቸው ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አቶ ሽመልስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ቆመናል፣ ጌታዬ» አሉ።

ምህረት ምንም አላሰበችም። ዓመት ሙሉ የለመደ አፏ ብቻውን ቀደማት።

«እንደ ቆማችሁ ክረሙ!»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል በሳል ሸፈነው። አቶ ሀብተ ማርያም ወደ መጋረጃው ዞረው አዩ፤ ከዚያ እንግዶቹን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። በር ላይ ያሉትን ምህረት አልሰማችም። ሽማግሌዎቹ ግን ሳይቀመጡ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አባት ነገሩን አላነሱም፣ ልጅም አልደፈረችም። ቪዲዮ ቤት መመላለሴን አውቀው ተቆጡ፣ ስለዚህ ከለከሉኝ ብላ ደመደመች። በሳምንቱ ሱዓድ ሌላ ወሬ ይዛ መጣች፤ ደምሰው ቪዲዮ ቤቱን ለሰው አስረክቦ አርባ ምንጭ ሊገባ ነው። ቃሉ የፊልም እንደሆነ አያጣውም። ግን «አንድ ቀን እንኳን በአፏ እወድሃለሁ ብላኝ አታውቅም» ብሏታል።

ምህረት አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ «እወድሃለሁ ብላለች በይው፤ ሳይሰማኝ እንዳይሄድ» ብላ ሱዓድን መልሳ ላከችና ገዘር ሚኒባስ ላይ ተሳፈረች።

ከአቶ ሽመልስ አጥር ጥግ ድንጋይ አነሳች። ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ማጅራቷ ላይ ተሸክማው፣ አጎንብሳ፣ ግቢያቸው ገባች። የሰፈሩ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ያዩዋት ጀመር።

«ምን አጥፍተሽ ነው ድንጋይ የተሸከምሽው?» አሉ አቶ ሽመልስ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን የተናገርኩት እኔ ነኝ። የፊልም ልማድ ነው፣ ከአፌ አመለጠኝ። ይማሩኝና ተመልሰው አባቴን ይለምኑልኝ።»

ሽማግሌው ድንጋዩን ከላይዋ አነሱላት። እኔ አልተቀየምኩም አሉ፤ የፊልም ቃል መሆኑንም ጓደኛቸው በመንገድ ነግሯቸዋል፤ ግን የሴት ልጅን ልብ እኛ በምን እናውቃለን?

«የመለሰን አባትሽ ነው። በር ላይ ያለኝን ሰምተሻል? ‹ልጄ አልፈለገችውም። ልጄን በግድ አልድርም› ነው ያለኝ።»

ምህረት እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ቀን ስትፈራቸው የከረመችው አባት ለካ እሷን ደግፈው ነው የቆሙት። መነሳት እስኪያቅታት አለቀሰች።

ጂንካ ስትደርስ ሱዓድ ሚኒባስ ተራ ላይ ጠብቃ፣ ደምሰው መልእክቱን ሰምቶ መሄዱን እንደተወው ነገረቻት። አቶ ሀብተ ማርያም ሱቅ ውስጥ ማር እየገለበጡ ነበር። ሳትቀመጥ ነገረቻቸው።

«አባዬ፣ ያን ቀን እምቢ ማለቴ አልነበረም። የፊልም ቃል ነው፤ ከተማው ሁሉ ይለዋል። ቪዲዮ ቤት እየሄድኩ ነው የለመድኩት። ደምሰውን እወደዋለሁ።»

አባቷ ስለ ቪዲዮ ቤቱ ምንም አላሉም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁህ።»

ይህ ቃል ውስጣቸው ገባ። ማር የነካ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

የሴት አባት ሽማግሌ ይጠብቃል እንጂ ሽማግሌ ፍለጋ አይሄድም። ይህን ወግ ከአቶ ሀብተ ማርያም ይበልጥ የሚያጠብቅ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ግን ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ሚኒባስ ተራ ወረዱ። ረዳቱ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ መለሱለት።

«ገዘር። ለልጄ ሽማግሌ ልለምን።»