የጋሽ መንገሻ ዶሴ

«የአባቱንም ስም ጨምሪበት እንጂ፤ አለዚያ የአገሩን መንገሻ ሁሉ ነው የሚያወጣልሽ» አለች ዙሌይካ፣ አንገቷን በብሩክታዊት ትከሻ ላይ አስግጋ።

ሁለቱ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ኦክላንድ ውስጥ ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ ተቀምጠው ሁለት ባቡር አሳልፈዋል። ጨዋታውን ያመጣችው ዙሌይካ ናት። ቤት የሚያከራይ አጎቷ ተከራይ ከመቀበሉ በፊት የሚያይበት ድረ ገጽ አለ፤ ስምና ከተማ ሲሰጡት የፍርድ ቤት መዝገብ ለቃቅሞ ያመጣል። ልጆቹ እስካሁን የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሰብሳቢ ቀይ መብራት በመጣስ፣ አንድ የተከበሩ ዲያቆን ደግሞ ያለ ፈቃድ ዓሣ በማጥመድ ይዘዋቸዋል። በዓሣው ዙሌይካ በሳቅ ልትሞት ነበር።

የጋሽ መንገሻን ስም ግን ብሩክታዊት ያነሣችው ለሳቅ ብቻ አልነበረም። ጋሽ መንገሻ ኃይሉ በአዘቦት ቀን ፓርኪንግ ይሠራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የኦክላንድን ልጆች በቫናቸው ጭነው ሳን ሆዜ ይወስዱና በነፃ ባገኙት አዳራሽ ሒሳብ ያስጠናሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት «አሞኛል» ብላ የቀረችውን ብሩክታዊትን፣ ከሳን ሆዜ ሲመለሱ ኦክላንድ መሃል ባለው ሐይቅ ዳር አይስክሬም ስትልስ አገኟት። ያኔ ሰላም ብለዋት አለፉ። ማታ ለእናቷ ደወሉ። ስልኳ ተወርሶ ሰነበተ፤ የተመለሰላት ዛሬ ጠዋት ነው።

ገጹ ተከፈተ። መንገሻ ኃይሉ። ስርቆት። የትውልድ ቀን፦ ጃንዋሪ 1፣ 1968። መቼ እንደሆነና ምን እንደተወሰነ ለማየት ክሬዲት ካርድ ይጠይቃል።

«ልደቱን ታውቂዋለሽ?» አለች ዙሌይካ።

«የቫኑን የኢንሹራንስ ፎርም የሞላሁላቸው እኔ ነኝ። ጃንዋሪ ዋን፣ ስልሳ ስምንት። ራሳቸው ናቸው።»

«በቃ፣ ሰውዬው ተበሉ።»

ብሩክታዊት ስክሪኑን ፎቶ አንሥታ በቅዳሜ ተማሪዎች ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩም «ጋሼ መቀነስን የት እንደተማሩ ታወቀ» ብላ ጻፈች። ባቡሩ ሳይመጣ ዐሥራ አንድ ሰው ሳቀ።

እስከ ምሽት ድረስ ፎቶው የተማሪዎቹ እናቶች ግሩፕ ውስጥ ገብቷል። ከእናቶች ግሩፕ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ማን እንዳመጣው ግን ጠይቆ አያውቅም። አንዷ «ጌታ ሆይ» ብላ ጻፈች፤ ሌላዋ የሚጸልዩ እጆች ላከች። ሦስተኛዋ «ሰው አይታመንም እኮ» አለች። ወደ ጋሽ መንገሻ ግን ማንም አልደወለም። ሰው ፊት ለፊት እንዴት ይባላል? ነውር ነው። ከነውሩ ይልቅ ጉንፋን ይሻላል ተባለና በዚያ ሳምንት የሁሉም ልጅ ጉንፋን ያዘው፤ ጉንፋን ያልያዘው ዘመድ መጣበት።

ቅዳሜ ጠዋት ብሩክታዊት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ቫኑን አየችው። እንደ ወትሮው ከልብስ ማጠቢያው ቤት ፊት ለፊት ቆሟል። ጋሽ መንገሻ በሩን ከፍተው፣ የፎቶ ኮፒ ክምር ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ያያሉ። ሰዓታቸውን አዩ። ወርደው ጎማውን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ ጎማው ምንም አልሆነም። ብሩክታዊት ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ ቆመች። ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቁ። ከዚያ ባዶውን ቫን ነድተው ሄዱ፤ የሄዱትም ወደ ሳን ሆዜ በሚወስደው በኩል ነበር። ምናልባት በሌላ መኪና ቀድመውኝ ደርሰዋል ብለው ይሆናል።

ቤት ስትገባ እናቷ ወይንሸት ስልክ ላይ ነበረች። «ምን መሰለዎት ጋሽ መንገሻ፣ ልጅቷ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ... አዎ... ኧረ ምንም አይደል...» ስልኩን ዘጋችና ፊቷን በመዳፏ አሸች። «እግዚአብሔር ይማራት አሉ። የዛሬውን ወረቀት አስቀምጬላታለሁ አሉ።»

ብሩክታዊት ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ መኝታ ክፍሏ ገባች። የዚያን ቀን ግሩፑን አልከፈተችውም።

ማክሰኞ ወይንሸት የሥራ ፎርም ይዛ መጣች። በዚያ ቤት ወረቀት የሚሞላው በእንግሊዝኛ ያደገው ሰው ነው። ብሩክታዊት ስም ሞላች፣ አድራሻ ሞላች፣ የትውልድ ቀን ላይ ጣቷ ሳትጠይቀው ጃንዋሪ ዋንን ጻፈና ቆመ።

«ማሚ፣ ያንቺም ጃንዋሪ ዋን ነው።»

«ዛሬ ነው የምታውቂው? ስንት ፎርም ሞልተሻል።»

«ግን የተወለድሽው ሰኔ ነው።»

«ሰኔ ሚካኤል ማግሥት። ናይሮቢ በስደት ሳለን የመዘገበን ሰውዬ የኛን ወር ወደ ፈረንጅ መቀየር ሰለቸውና ወረፋውን ሙሉ ጃንዋሪ ዋን አድርጎን ዋለ። አክስትሽም እንደዚያው ናት። የጋሽ መንገሻም እንደዚያው ነው። ዓመቱንስ ቢሆን በግምት አይደል የጻፈው?» ከዚያ የልጇን ፊት አየች። «ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አለች ብሩክታዊት። ይህን ቀን በእናቷ፣ በአክስቷና በጎረቤታቸው ፎርም ላይ ስትጽፈው ኖራለች። ባቡር ጣቢያው ወንበር ላይ ግን የማታውቀው ሆነ። ለማወቅ ሰላሳ ሰከንድ ይበቃት ነበር፤ ሰላሳውን ሰከንድ ቀልዱን ስታሳምር አጠፋችው።

ረቡዕ ትምህርት ቀደም ብሎ ያልቃል። ለዙሌይካ ሳትነግር ሐይቁ አጠገብ ያለው ፍርድ ቤት ሄደች። ቦርሳዋ ተፈተሸ። የመዝገብ ክፍሉ መስኮት ላይ መነጽራቸውን በሰንሰለት ያንጠለጠሉ ሴትዮ ነበሩ።

«የሰው መዝገብ ማየት እችላለሁ? ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት ነው።»

«መዝገቡ የሕዝብ ነው፤ ዕድሜ አይጠይቅም። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ አለ። ስሙን ጽፈሽ የመዝገብ ቁጥሩን አምጪልኝ፣ ዶሴውን አወጣልሻለሁ። ማየት በነፃ ነው፤ ኮፒ ይከፈላል።» ሴትዮዋ ቀና አሉ። «ምንሽ ነው?»

«አስተማሪዬ። ማለት፣ እሳቸው መሆን አለመሆናቸውን ላረጋግጥ ነው።»

«ለሰው ነግረሻል?»

«አዎ» አለች ብሩክታዊት።

«እንግዲያው እንደ ሌላው ሰው ነሽ» አሉ ሴትዮዋ፣ ያለ ምንም ክፋት። «እዚህ መስኮት የሚመጣው ሁሉ ካወራ በኋላ ነው።»

ዶሴው ስስ ነበር። ቀኑ በፈረንጅ 2002፣ የካቲት ውስጥ ነው። ጋሽ መንገሻ አሜሪካ የገቡት በ2014 ነው፤ እናቷ አበባ አሲዛ ኤርፖርት ወስዳት ነበርና ታውቃለች። በ2002 አዲስ አበባ ሆነው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሒሳብ ይጽፉ ነበር። የዶሴው መንገሻ ኃይሉ ኦክላንድ አቅራቢያ ያለችው የፍሪሞንት ከተማ ሰው ነው፤ ከአንድ ሱቅ የሕፃን የመኪና ወንበር ይዞ ሲወጣ ተይዟል። ሌላ ነገር አልሰረቀም። ጥፋቱን አምኖ የስድስት ቅዳሜ የጽዳት ሥራ ተፈረደበት። የት እንዳለ አይታወቅም፤ ልጁ አሁን ትልቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ብሩክታዊት ለካ እሱም ላይ ስቃለች።

ማታ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ፎቶውንም ቀልዱንም። ወይንሸት አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ማሰሮውን ከእሳት አውርዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔም እኮ አምኜ ልጄን አስቀረሁ» አለች ወይንሸት፣ ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ ማስላት ጀመረች። «ስሚኝ፤ እሳቸው እስካሁን አልሰሙም። ካልሰሙ ደግሞ ባይሰሙ ይሻላል። ለእናቶቹ አንድ በአንድ እደውላለሁ፣ ሌላ ሰው ነው እላለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ አንቺ ሂጂ፣ በሚቀጥለው ሁለት ልጅ ይጨመራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሞላል። ሰው ይረሳል። በስተርጅና ሌባ ተብለው ነበር ብለሽ ብትነግሪያቸው ምን ይጠቅማቸዋል?»

«ለምን እንደቀረን አያውቁም፣ ማሚ። ጎማውን ሲያዩ ነበር።»

«የምን ጎማ?»

«ጥፋቱን ቫኑ ላይ ይፈልጉ ነበር።»

ወይንሸት ማሰሮውን መልሳ እሳት ላይ ጣደችው። «እንደመሰለሽ» አለች በመጨረሻ፤ ይህን ቃል ለልጇ ብላ አታውቅም።

ብሩክታዊት በዚያው ምሽት የቅዳሜ ተማሪዎቹ ግሩፕ ላይ ዶሴው የሌላ ሰው መሆኑን፣ ፎቶውን የለጠፈችው እሷ መሆኗንና ፍርድ ቤት ሄዳ ማየቷን ጻፈች። የሳቁት ዐሥራ አንድ ነበሩ፤ የመለሱት ሁለት ናቸው። አንደኛው የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቫኑ ከቦታው ነበር። ጋሽ መንገሻ ሲያዩዋት ፊታቸው በራና ዘለው ሊወርዱ ምንም አልቀራቸውም።

«እሰይ፤ ዳንሽ?»

«አልታመምኩም ነበር፣ ጋሼ።»

«የአይስክሬሙም ቀን አልታመምሽም ነበር» ብለው ሳቁ። «ግቢ፣ ግቢ። ሌሎቹን ትንሽ እንጠብቃቸው። ለምን እንደጠፉ እንጃ። ምናልባት ክፍልፋይ ላይ በጣም ፈጥኜባችሁ ይሆናል ብዬ ዛሬ ቀለል ያለ አዘጋጅቻለሁ።»

ከፊት ወንበር ገባች። የፎቶ ኮፒው ክምር መካከላቸው ነው፤ ከላይ ያለው ወረቀት ላይ በእርሳስ «ብሩክታዊት፣ ያለፈው ሳምንት» ተብሎ ተጽፏል። ከረቡዕ ጀምሮ ንግግሯን በአማርኛ ስትለማመድ ነበር። በእንግሊዝኛ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ጋሽ መንገሻ ግን እንግሊዝኛ ሲፈጥንባቸው የገባቸው መስለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ዛሬ ደግሞ እንዲገባቸው ትፈልጋለች። ከድረ ገጹ ልትጀምር ነበር ያሰበችው፤ ከዚያ ናይሮቢ ስለነበረው መዝጋቢ፣ ከዚያ የሁሉም ሰው ልደት አንድ ቀን ስለ መሆኑ። ረጅምና ንጹህ ንግግር ነበር፤ እሷ የምትገባው መጨረሻው ላይ ነው።

«ሞተሩን ያጥፉት፣ ጋሼ» አለች።

አዩዋት። ቁልፉን አዞሩ።

ብሩክታዊት የተለማመደችውን ሁሉ ተወችና «እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች።