ሰባት ጊዜ የተቀባው ታንከር

ስማኝማ ወዳጄ፣ ቡዳ፣ ዛር፣ ጥላ ወጊ የሚሉት ነገር ለእኔ የሥራ ፈት ወሬ ነው፣ ሰፈራችን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ድልድዩ ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ጋኔን አለ ቢሉኝ «መታወቂያ አለው?» ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ። ስሜ አንዳርጌ ነው፣ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ እኖራለሁ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው፣ ወንበር ስቀበል፣ ወንበር ሳስረክብ፣ የጠፋው ወንበር የት ገባ ብዬ ሰው ሳፋጥጥ አሥራ አምስት ዓመት አለፈኝ። እንዲህ ያለ ሰው ተረት አያምንም፣ እውነቱን ልንገርህ ሰውም አያምንም። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ነው የእኔ ውዳሴ ማርያም። ሚስቴ የሺ «አንተ እኮ ጥላህን ራሱ ፈርም ብለህ ነው ቤት የምታስገባው» ትለኛለች፣ አልዋሸችም።

አንዲት አሮጌ የጃፓን ሞተር አለችኝ። ስድስት ዓመት የሞላትን ልጄን ቤዛን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የማደርሳት በሷ ነው፣ የምትቀመጠውም ከፊቴ፣ የቤንዚን ታንከሩ ላይ፣ በሁለት ክንዴ መሐል ነው። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ አትቆጣኝ፣ ከኋላ ባስቀምጣት እንቅልፍ ወስዷት ብትወድቅስ ብዬ ነው። መንገዱን ሙሉ በጣቶቿ ታንከሩን ትመታለች፣ ጣ፣ ጣጣ፣ ጣ፣ ሁልጊዜ ያችኑ ምት፣ «ተይ ጆሮዬን!» ብላትም አትሰማ።

አንድ ቀን የሺ የልጅቱን ዩኒፎርም ልታጥብ አነሳችና አፍንጫዋን ያዘች። የቀሚሱ ጫፍ በቤንዚን ርሷል። ሄጄ ታንከሩን ብዳስሰው ከሥሩ ያንጠባጥባል፣ ዝገት በልቶታል። ወዳጄ፣ ልጄን ስንት ጠዋት ቤንዚን ላይ አስቀምጬ እንደነዳሁ አስበው፣ አንዲት ብልጭታ ብትነሳስ? ለዚያን ቀን ቀዳዳውን በሳሙና ደፈንሁና በማግሥቱ ሞተሯን እየገፋሁ ታደለ ዘንድ ወሰድኋት።

ታደለ የሰፈራችን የሞተር መካኒክ ነው፣ እጁ ጥሩ ነው፣ ግን መካኒክ መካኒክ ነው፣ ዞር ስትል ደህናውን ዕቃህን ፈትቶ የሌላውን አሮጌ ይገጥምብሃል ይባላል፣ ስለዚህ እኔ ሲሠራልኝ በርጩማ ስቤ ከጎኑ እቀመጣለሁ፣ ሻይ ስጠጣም ዐይኔን ከእጁ አልነቅልም። ይህ ብቻ አይበቃኝም፣ ዕቃዬ ሁሉ ምልክት አለው። ማንም በማያየው ቦታ፣ ታንከር ከሆነ ከሆዱ ሥር፣ በምስማር «አ» እጽፍበታለሁ፣ ግራኝ ስለሆንሁ የቀኝ እግሯ ወደ ውጭ ትንጋደዳለች፣ ከሥሯ ደግሞ በቤቴ ላለው ሰው ልክ ነጥብ አደርጋለሁ፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለየሺ፣ ቤዛ ስትወለድ ሦስተኛ ጨመርሁ። የሚቀነስ ሲኖር አልፍቅም፣ በእኛ ሥራ መፋቅ ነውር ነው፣ ከታች ወደ ላይ በአጭር መስመር እሰርዘዋለሁ። ሞተሯን ከመግዛቴ በፊት እናቴ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፣ ስትሞት ሬዲዮናችን ላይ የነበረችውን የሷን ነጥብ እንዲያ ሰረዝሁ፣ የሺ አይታ ሙሉ ቀን አላናገረችኝም።

ታደለ ታንከሩን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ በአፉ በኩል አየውና ሳቀ። «ወንፊት ሆኗል እኮ አንዳርጌ፣ ምኑን ልበይደው? ብየዳ የሚይዘው ብረት ሲኖር ነው» አለኝ። ከዚያ አሰብ አደረገና፣ ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚሠሩ አያ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ እንዳሉ፣ ዳሳቸው ሥር የዚችው ሞተር ዓይነት ታንከር ተሰቅሎ ማየቱን ነገረኝ። «አይሸጡትም ይባላል፣ አንተ ግን ሰው ማድከም ታውቅበታለህ፣ ሞክር» አለኝ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሄድሁ። ደንገሉን አልፌ ዳሱ ዘንድ ስደርስ አያ ሰይድ አንድ የተገለበጠ ጀልባ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ሁለቱንም ዐይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ገና «እንዴት ዋሉ» ከማለቴ «መጣህ?» አሉኝ።

«ያውቁኛል እንዴ አያ ሰይድ?»

«ድምፅ ይረሳል?» አሉ።

አሃ፣ አልሁ በልቤ፣ ገበያ ሊያሞቁ ነው፣ የነጋዴ ዘዴ ነው። ወዲያው ስለ ታንከሩ ጠየቅኋቸው፣ ቀና ብዬም አየሁት፣ ከወራጁ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል፣ ሰማያዊ ተቀብቷል፣ አፉ በላስቲክና በሰም ታሽጓል።

«የሰው አደራ ነው ልጄ፣ አደራ ደግሞ አይሸጥም። ሰባት ዓመት ሆነው። በየዓመቱ ጀልባ ስቀባ ከሚተርፈው ቀለም እደርብበታለሁ፣ ዝገት እንዳይበላብኝ።»

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምነው! ግን ለመንኋቸው። የቤዛን ዩኒፎርም ነገርኋቸው፣ ቤንዚኑን፣ ታንከሩ ላይ የምትቀመጠውን፣ «ልጄ እሳት ላይ ነው የተቀመጠችብኝ» አልሁ፣ እውነቴን ነው። ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያሹ ጠየቁኝ።

«ሴት ልጅ?»

«አዎ፣ ስድስት ዓመቷ ነው።»

«ያ ረቢ፣ ምን ልበል እንግዲህ» አሉና ተነሥተው ገመዱን ራሳቸው ፈቱት። ገንዘብ ባወጣ እጄን መለሱት፣ «የራስህን ላንተው ልሸጥልህ?» አሉ። እኔ በነጻ ነገር ሲሰጡኝ ኪሴን የምዳስስ ሰው ነኝ፣ ተሰርቆ የመጣ ይሆናል ብዬ ጠረጠርሁ፣ ግን ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ብዬ ይዤው ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ ታንከሩን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ይዤዋለሁ። ትንሽ እንደሄድን ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና «ጋሼ፣ ጣትዎን ቢያሳርፉልኝ፣ ራሴን አሞኛል» አለኝ። ጣቴን? ጣቴ አልተነቃነቀም እኮ! «ባጃጅህ ነው የሚንኳኳው፣ ብሎንህን አጥብቅ» ብዬ ተቆጣሁት። ጆሮዬን ብጥል ግን ድምፁ ከጭኔ ነው የሚመጣ፣ ቀስ ያለ፣ የተቆራረጠ። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ይንቀጠቀጣል አልሁና ተውሁት።

ታደለ ሰሙን ፍቆ አፉን ከፈተው፣ ውስጡ ንጹሕ፣ አንዲት ዝገት የለው፣ ውኃ ሞልቶ ብዙ ጊዜ አቆየው፣ ጠብ አላለም። «ዕድለኛ ነህ» አለኝ። ቀለሙን ለመላጥ እኔው ስፓቱላና ብርጭቆ ወረቀት ያዝሁ፣ ለሌላ ሰው አልሰጥም ብዬ። ቲነር እያፈሰስሁ ስፍቅ ሽማግሌው እንዳልዋሹ አየሁ፣ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ነጭ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ እንደ ሽንኩርት ነው፣ ልማድ ሆኖብኝ ቆጠርሁት፣ ሰባት ነው። ገልብጬ ሆዱን ስፍቅ፣ ከሰባተኛው ሥር፣ ባዶ ብረቱ ላይ አንድ ጭረት ወጣ። አንድ እግር ነው፣ ወደ ውጭ የተንጋደደ።

እመነኝ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ አልፈራሁም፣ ተናደድሁ እንጂ። ፈጠን ፈጠን ብዬ ፈቅሁት። «አ» ናት፣ የእኔው «አ»። ከሥሯ ሦስት ነጥብ አለ። ሦስተኛዋ ነጥብ ከታች ወደ ላይ በአጭር መስመር ተሰርዛለች።

«ታደለ!» ብዬ ዘልዬ አንገትጌውን ያዝሁት። «አንተ ነህ የጫርኸው! በልጅ ይቀለዳል?»

«ምኑን ነው የጫርሁ? አብደሃል እንዴ ሰውዬ!»

አሳየሁት። አየና እጄን ከአንገትጌው ቀስ አድርጎ አላቀቀ። «አንዳርጌ፣ ሰባት ቀለም አሁን በእጅህ ፍቀህ ነው ያወጣኸው፣ አንተ ከጎኔ ተነሥተህ ሽንት ቤት እንኳ አልሄድህ፣ መቼ ልጫረው?» አለኝ። የራሴን አሮጌ ታንከር ከጥግ አነሣሁ፣ ወረቀት አስደግፌ በእርሳስ ምልክቴን አሸሁበት፣ ያንኑ ወረቀት ወስጄ ሌላው ላይ አስቀመጥሁት፣ እግሯ በእግሯ፣ ነጥቡ በነጥቡ ልክክ አለ። የእኔዋ ሦስተኛ ነጥብ ግን ስርዝ የላትም። ይኸውልህ፣ ያ ብረት መጀመሪያ ሲቀባ ቤዛ ገና አልተወለደችም፣ ሦስተኛዋን ነጥብ እኔ ራሴ አላሰብኋትም ነበር።

ይህን እያሰብሁ ሳለ ከታንከሩ ጣ፣ ጣጣ፣ ጣ አለ።

ታደለ የያዘውን ቁልፍ መሬት አስቀመጠ። «ብረት ነው፣ ቲነሩ ሲደርቅ ይሰበሰብና ይጮኻል» አለኝ፣ ይህን ብሎ ግን በርጩማውን ወደ ኋላ ሳበ። ወዲያው የሺ ዘንድ ደወልሁ።

«ቤዛ የት ናት?»

«እዚሁ ናት፣ ከጎኔ፣ ምነው?»

«ስጭኝ!»

«አባዬ፣ ሞተራችን ዳነች?» አለችኝ ልጄ። «ደርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታንከሩን በጆንያ ጠቅልዬ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። አያ ሰይድ ሳልናገር እጃቸውን ዘረጉ፣ «መለስኸው? ጎሽ» አሉ። ትዕግሥቴ አለቀ፣ «እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ አላህን ይፈራሉ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ማነው ይህን ያስቀመጠ?» ብዬ ጮኽሁባቸው።

«አንተ ነሃ።»

«እኔ ከትናንት በፊት ዐይቼዎት አላውቅም!»

«ያኔ ዐይኔ ደህና ነበር፣ አይቼሃለሁ። እስከ ጉልበትህ ርሰህ፣ ብቻህን መጣህ። ጠጉርህ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ነበር።»

ወዳጄ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጠጉሬ ይኸው እንደ ከሰል ነው! ሌላ ሰው ነዋ፣ አንድ ነጭ ጠጉር ሽማግሌ ነው፣ ግራኝ ደግሞ በዓለም ላይ እኔ ብቻ አይደለሁ። ይህን ስነግራቸው አያ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠጉሩን እንጃ፣ ድምፁ ይኸው ያንተ ነው። እንባህን እየጠረግህ አንድ ቃል አስጠበቅኸኝ። ‹መጥቼ ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ› አልኸኝ። እኔም እሺ አልሁ፣ ሰባት ዓመት ጠበቅሁት። ትናንት ግን ልጄ፣ ልጄ ስትል አንጀቴን በላኸው። በስተርጅና አደራ በላ አደረግኸኝ።»

የተገለበጠው ጀልባ ላይ ተቀመጥሁ። «የፈራሁት ታንከሩን ነው ወይስ ሞተሯን? መንገዱን ነው? ምን አልሁዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው፣ እንዲህ ብዬ ስጠይቅ ራሴን ብሰማው አፈርሁ፣ ግን ጠየቅሁ።

«እሱን አልነገርኸኝም» አሉ፣ በዳበሳ የቀለም ቆርቆሯቸውን ፈልገው አነሡና የፋቅሁትን ቦታ መቀባት ጀመሩ።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። ለየሺ አልነገርኋትም፣ ብነግራት ጠበል ለጠበል ነው የምታዞረኝ፣ ወይም ደግሞ ታምነኛለች፣ እሱ ይብሳል። ቤዛን በእግሯ ነው የማደርሳት፣ እጇን አጥብቄ ስለምይዝ «አባዬ ታሳምመኛለህ» ትለኛለች። ሽማግሌው ቀልደውብኝ ይሆናል፣ ታደለ አብሯቸው መክሮ ይሆናል፣ ለምን ብዬ ግን አላገኘሁትም፣ ምን አተረፉ?

ትናንት ታደለ ደወለ። ዱርቤቴ ከሚኖር ዘመዱ ሌላ ታንከር አግኝቷል፣ ከነካርቶኑ አዲስ፣ ምንም ያልነካው፣ ሳልጠይቀው ወስዶ ገጥሞልኛል፣ ሞተሯን ራሱ ነድቶ ደጃችን አቁሟት ሄደ። የሺ እልል አለች፣ በእግር መመላለሱ ልጅቱን አክስቷት ነበር። እኔ ማታ ማንም ሳያየኝ ወጥቼ በስልኬ መብራት ሆዱን አየሁት፣ ምንም የለበትም፣ ንጹሕ ነው፣ ምልክቴን ላደርግበት ምስማር አነሣሁና ያቺ የተሰረዘች ሦስተኛ ነጥብ ትዝ ብላኝ እጄ እንቢ አለኝ። ስመለስ ቤዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ነገ በሞተር ነው የምንሄደው፣ አይደል አባዬ?»

የሺ ከጓዳ ሆና መልሴን ትጠብቃለች። «እናያለን» አልኋት፣ እሷ ግን አዎ እንዳልኋት ቆጥራ፣ እየዘለለች ጫማዋን ልትወለውል ሄደች።