የጠባቧ ብርጭቆ ምስክር

በርጩማው ያለቦታው እንደነበረ ሰርካለም ትዝ ያላት አማቷ አቶ ሽታው በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ሞተው ስታገኛቸው በርጩማው ከአልጋው በስተግራ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነበር። እሷ ግን ሁልጊዜ በስተቀኝ ነበር የምታስቀምጠው። ያኔ በድንጋጤ ገፍታ አለፈችው። አሁን ለማን ትናገር? ባሏ ሙሉጌታ እንኳ ቀና ብሎ አያያትም።

አቶ ሽታው የአጥንት ካንሰር ነበረባቸው። ለሕመማቸው የታዘዘላቸው ኃይለኛ ፈሳሽ መድኃኒት ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ክዳን ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰርካለም አጠጥታቸው ልጇን ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች። ቀትር ላይ ስትመለስ ሰውየው ሞተው፣ ጠርሙሱ ተሟጦ አገኘችው። ፖሊሶች የአራት ዓመቷን ፋሲካን ሲጠይቋት «እማዬ ያን ቀን ለአባባ ብዙ ሰጠችው» አለች። ቃሏ ተጻፈ። ሰርካለም ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ከዚያ በኋላ ልጇን ማን እንደሚያሳድግ አታውቅም።

ጉዳዩን እንድትዘጋ ከደሴ የተላከችው ኢንስፔክተር መሪማ ሐይቅ ከተማ የደረሰችው በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ነበር።

«አላህ ያጥናችሁ» ብላ ተቀመጠች። «በምንድን ነበር የምታጠጫቸው፣ ልጄ?»

«በክዳኑ ለክቼ ውሃ እጨምርበታለሁ። ሁልጊዜ በሰፊው ኩባያ ነበር። ቅዳሜ ግን ኩባያው ተሰብሮብኝ በዚህች ሰጠኋቸው» ብላ ረጅም ጠባብ ብርጭቆ አሳየቻት። የበርጩማውንም ነገር እየፈራች ነገረቻት።

«በግራ ማን ይቀመጣል?»

«ሊያጫውታቸው የፈለገ። በቀኝ ጆሯቸው አይሰሙም።»

«አእምሯቸውስ?»

«የበሉትን እጃቸው ሳይደርቅ ይረሱታል። 'ምሳ ከለከለችኝ' ብለው ለጎረቤት ሲከሱኝ ነበር የከረሙት። የድሮውን ቢጠይቋቸው ግን የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ያስታውሳሉ። በቀይ ሽብር ጊዜ ስለተገደለው፣ ዝናው ስለሚባለው ወንድማቸው ነበር ሰሞኑን ወሬያቸው። 'የተደበቀባትን የሐይቅ ዳር ጎጆ ከኔ ሌላ የሚያውቃት አንድ ሰው ነው' ይላሉ። ስሙን ሊጠሩ ሲሉ እንባ ይቀድማቸዋል።»

«ይህን ማን ሰምቷል?»

«ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ። የሽማግሌ ወሬ ብለን ማን ጆሮ ሰጠው?»

መሪማ ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። ከጠያቂዎቹ አንዱ የሆኑት፣ የሟቹ የልጅነት ጓደኛና የሙሉጌታ የክርስትና አባት አቶ ቢያድግልኝ መረብ ይጠግኑ ነበር።

«ዓሣ ልትመረምሪ መጣሽ?» አሉ ሳቅ ብለው።

«ዓሣውስ አፍ የለውም። ቅዳሜ አቶ ሽታውን አይተዋቸዋል?»

«ከበር ላይ ሆኜ። ተኝቶ ነበር፣ ሳልገባ ተመለስሁ።» መረቡን አስቀመጡ። «ቤት አፈርሳለሁ ብዬ ዝም ብዬ ነው እንጂ፣ ዓርብ ዕለት 'ትናንት ሰርካለም ሁለት ጊዜ አጠጣችኝ፤ አንዴ በጠዋት፣ አንዴ በቀትር' ብሎኛል።»

«ሰዓቱን ሳይቀር?»

«ሳይቀር። ከጻፍሽው የኔን ስም አታንሺ።»

አመሻሹ ላይ መሪማ ሁሉንም በሟቹ ቤት ሰበሰበች። ሰርካለም ከጥግ ቆማለች። ሙሉጌታ ከክርስትና አባቱ ጎን ተቀምጧል። ሁለት ፖሊሶች በሩ አጠገብ ነበሩ።

መሪማ ሁለት እኩል ሰፋፊ ኩባያዎች አስቀምጣ እኩል ውሃ ሞላችባቸው። ፋሲካን ጠራቻት።

«የቱ ይበዛል?»

«እኩል ናቸው።»

የአንዱን ውሃ ወደ ጠባቧ ብርጭቆ ገለበጠችው። «አሁንስ?»

«ይኼ!» ልጅቷ ብርጭቆዋን ነካች።

«ውሃ ጨመርኩበት?»

«አልጨመርሽም። ግን በዛ።»



«አምስት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ሁሉም በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ነበሩ» አለች መሪማ። «በአራት ዓመት ከፍ ያለ ሁሉ ብዙ ነው። ፋሲካ አልዋሸችም፤ ያየችውን ተናገረች። ቅዳሜ የተለወጠው ብርጭቆው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም።»

«ታዲያ አባቴን ማን ገደለው?» አለ ሙሉጌታ።

«ከልጅቷ ወደ ሽማግሌው እንሂድ። አባትህ የጠዋቱን በቀትር የማያስታውስ ሰው ነበር። አቶ ቢያድግልኝ ግን የሐሙሱን ዓርብ ዕለት፣ በሰዓት ከፍሎ ነገረኝ አሉ። እንዲህ ሊናገር የሚችለው ሌላ ሽታው ነው። ይህ ውሸት ነው፤ ውሸቱም በሰርካለም ላይ ለማላከክ ነው። ቀጥሎ በርጩማው። ከበር የተመለሰ ሰው በግራ ጆሮ በኩል አይቀመጥም። የጠዋቱን መጠጣቱን ለረሳ ሰው ደግሞ 'መድኃኒትህን ጠጣህ?' ማለት ብቻ ይበቃል። በጠየቁት ቁጥር 'አልጠጣሁም' ይላል፤ በገዛ እጁም ይጠጣል።»

«ለምን ብዬ?» አሉ አቶ ቢያድግልኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«የቅርቡ እየጠፋባቸው የሩቁ እየጠራላቸው ስለሄደ። አርባ ሰባት ዓመት የተቀበረው፣ የዝናውን ጎጆ የሚያውቀው ሰው ስም ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ነበር። የጠርሙሱ የጣት አሻራ ውጤትም ነገ ይደርሰኛል።»

አቶ ቢያድግልኝ ሙሉጌታን አዩት። እሱ ቀስ ብሎ ከጎናቸው ተነሣ።

«ያኔ አሥረውኝ ነበር» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «ጎጆዋን ባልጠቁም ይረሽኑኝ ነበር። ሽታው እስከ ዛሬ ጠርጥሮኝ አያውቅም። ሰሞኑን ግን እጄን ይዞ 'ከኔ ሌላ አንተ ብቻ ነበርህ' አለኝ። ተረስቶት በማግስቱ ደግሞ በፍቅር ይስመኛል። እሱ ይብስ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። ሦስቱንም 'አልጠጣሁም፣ ስጠኝ ወንድሜ' አለኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ወጡ። መሪማ የሰርካለምን ትከሻ ዳበስ አድርጋ ተከተለቻቸው።

ሙሉጌታ ሚስቱ ፊት ቆመ። «ሰርኬ፣ ልጅ አይዋሽም ብዬ ነው። እሷ ስትናገር ምን ልበል?»

«እሷ አራት ዓመቷ ነው» አለች ሰርካለም። «አንተስ?»

 ፋሲካ እናቷ ትከሻ ላይ አንቀላፍታለች። ሰርካለም ወደ ጓዳ ገባች፣ ልጇን አስተኛችና በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።