መስኮቱ ሥር የበላሁት ጥሬ ዓሣ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድመህ እወቅልኝ። ዛር፣ ጥላ፣ የሰው ዓይን፣ በስም የሚጣራ ድምፅ፣ ይህ ሁሉ ለእኔ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና ሲወራ ከት ብዬ እስቅ ነበር፣ እናቴ እንኳ "አንተንስ ፈረንጅ ነው የወለደህ" እያለች ትተርበኝ ነበር። ታዲያ ያ ዓርብ ምን ነበር ብትለኝ አላውቅም። የማውቀው ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው፣ እሱንም ሳወራ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል፣ ከፍርሃት እንዳይመስልህ፣ ከእፍረት ነው።

ጊዜው የጣልያን ጊዜ ነው። ቤታችን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነበር፣ አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ብቻ ነበርን። እኔ ጣልያንኛ ስለምችል ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ፣ ሰፈርተኛው በፊቴ "እንደምን ዋልህ" ይለኛል፣ ከኋላዬ የሚለኝን ደግሞ አንተው ገምተው።

አሁን አንድ የቤታችንን ልማድ ካልነገርኩህ የቀረው አይገባህም። በድሮ ጊዜ ትልቅ ሰው ማዕድ ሲቀርብለት ዓይን እንዳያርፍበት ነጠላ ይዘው ይከልሉታል። ይህ የመኳንንት ቤት ወግ ነው፣ እኛ መኳንንት አይደለን ምን አይደለን፣ አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበር፣ ነገር ግን እሱ ሲሞት እናቴ ምን እንደታያት እንጃ፣ "ከእንግዲህ የቤቱ ራስ አንተ ነህ፣ አንተን ዓይን ከበላህ ማን አለን?" ብላ እኔ በበላሁ ቁጥር ደምሴን ነጠላ አስይዛ አጠገቤ ታቆመው ጀመር። ደምሴ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ አፍንጫው ስለተሰበረ ሲተነፍስ ቀጭን ፉጨት አለችው፣ እኔ ስጎርስ እሱ ከነጠላው ጀርባ ያፏጫል፣ ክንዱ ሲዝል የነጠላው ጫፍ ወጡ ውስጥ ይነከራል። "ተወው፣ ቁጭ በልና ብላ" ስለው "እማዬ ትቆጣለች ጋሼ" ይለኛል። ካደግን በኋላ እኔው እየሳቅሁበት ነው ያስቀረሁት።

ያን ሰሞን ደምሴ ተያዘ። አብነት ሰፈር ፍተሻ ነበር፣ ጆንያ ሙሉ ዳቦ ቆሎ ተሸክሞ አገኙት፣ ለማን ነው ቢሉት አልናገር አለ፣ እነሱም ይህን ያህል ዳቦ ቆሎ ጫካ ላለ ሰው ካልሆነ ለማን ይሆናል አሉ፣ እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። ሰኞ ከሌሎች እስረኞች ጋር በካሚዮን ተጭኖ ሱማሌ አገር፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ወዳለው እስር ቤት ሊላክ ነው ተባለ፣ ከዚያ ደግሞ የተመለሰ ሰው አላየንም። እናቴ እህል መቅመስ ተወች፣ እኔን ባየች ቁጥር "የምትሠራላቸው ለዚህ ካልሆነ ለምን ነው?" ትለኛለች።

አለቃዬ ካፒታኖው፣ በእኛ አነጋገር ሻምበሉ፣ ባሪ ከምትባል የጣልያን የባሕር ጠረፍ ከተማ የመጣ ወፍራም ሳቂታ ሰው ነበር። ክፉ ነበር ልልህ ብችል ደስ ባለኝ፣ አልነበረም። ማሰር መፍታት የእሱ ሥራ አይደለም፣ ግን "ይህን እስረኛ ለማረፊያው ጉልበት ሥራ እፈልገዋለሁ" ብሎ ከፈረመ ይሰጡታል፣ ሰውየውም ቤቱ እያደረ ይሠራል፣ ሲያደርገውም አይቻለሁ። ሐሙስ ዕለት ዙሪያውን ስሽከረከር ቆይቼ አንድ ጉዳይ እንዳለኝ ነገርኩት። እሱም ወደ አገሩ ሊመለስ ስለነበር ፊቱ ፈክቶ "ነገ ምሳ አብረን እንበላለን፣ ሆዳችን ሲጠግብ ትነግረኛለህ፣ እየበላሁ ግን ጉዳይ አልሰማም" አለኝ። የወንድሜ ነገር እንግዲህ በዚያ ምሳ ላይ ተንጠለጠለ።

ምግብ ቤቱ ማረፊያው አጠገብ ለአውሮፕላን ነጂዎችና ለሹማምንት የተከፈተ ነው፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ብርጭቆ፣ ዓሣው ከምጽዋ በበረዶ ታሽጎ በአውሮፕላን የሚመጣ። እኔን የመሰለ ሰው በጓሮ በር ዕቃ ተሸክሞ ነው የሚገባው፣ ሕጉም ይኸው ነበር። ባለቤቱ ከካፒታኖው ጋር በፊት ለፊት በር ስገባ ሲያየኝ ፊቱ ጠቆረ፣ ተንሾካሾኩ፣ በመጨረሻ ሌሎቹን ነጮች እንዳይቀፋቸው ከሁሉም የራቀ ጥግ ተሰጠን። ጥጉ ግን የት መሰለህ? ትልቁ መስኮት ሥር፣ መጋረጃ የሌለው፣ መንገዱ ላይ አፍጥጦ። ከነጮቹ ሸሽገው ለወገኔ አሳዩኝ፣ ያውም ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሰዉ ነጠላውን አጣፍቶ ልደታ ማርያም ለቅዳሴ በሚጎርፍበት ሰዓት።

"ዛሬ ዓርብ ነው" አለ ካፒታኖው፣ "እኛም ሥጋ አንበላም፣ እናንተም ትጾማላችሁ፣ ስለዚህ ዓሣ አዝዣለሁ። ደግሞ ጥሬ! እናንተ ጥሬ ትወዱ የለ? በእኔ አገርም ዓሣ በጥሬው ነው የሚበላ፣ ያው ወንድማማቾች ነን!"

እመነኝ፣ ደግ የዋለልኝ መስሎት ነው። እኛ ሰፈር ግን ዓርብ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀመስም፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ነገርማ ቄሶቹንም ያከራክራል። ሣህኑ መጣ፣ በደቀቀ በረዶ ላይ ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ዓሣ፣ ሎሚና ዘይት የፈሰሰበት። ጥሬ ሥጋ ነፍሴ ነው፣ ይህ ግን ቀዝቃዛና ልስልስ፣ አፌ ውስጥ ሌላ ምላስ የገባ መሰለኝ። ካፒታኖው "ማንጃ! ማንጃ!" ይላል፣ ብላ ማለቱ ነው፣ እኔም ደምሴን እያሰብኩ ዋጥኩ።

የመጀመሪያው ነገር ጥላ ነው። የቀትር ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በረዶው ላይ ታብረቀርቅ ነበር፣ ሹካዬን ወደ አፌ ሳነሣ ሣህኔ ላይ ጥላ ወደቀ። ደመና ነው ብዬ ተውኩት፣ ሹካውን ሳስቀምጥ ፀሐይዋ ተመለሰች፣ ሳነሣ አጠላበት፣ ሳስቀምጥ በራ። የካፒታኖው ሣህን ልብ አድርጌ አየሁት፣ ያው ፀሐይ ላይ ነው፣ ጥላ የሚያጠላበት የእኔ ብቻ ነው። ወይኑ ነው አልኩ ለራሴ፣ ባዶ ሆድ ላይ ወይን ምን የማያሳይ ነገር አለ።

ቀጥሎ በግራ ጆሮዬ በኩል ያቺን ፉጨት ሰማሁ። ሳላየው የማውቀው ድምፅ ነው፣ ፉት ትላለች፣ ታርፋለች፣ ፉት ትላለች፣ እንደ ሰው እስትንፋስ። በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባ ነፋስ ይሆናል ብዬ እጄን ወደ መስተዋቱ ሰደድኩ፣ ነፋስ የለም፣ ይልቁንስ የእጄን አንጓ አንድ ለስላሳ ነገር፣ የጨርቅ ጫፍ፣ ዳሰስ አድርጎኝ አለፈ። የጠረጴዛ ልብሱ ነው እንዳልል እጄ ከጠረጴዛው በላይ ነበር። ጀርባዬን ላብ አጠመቀው፣ ዞር ብዬ ለማየት ግን አንገቴ እንቢ አለኝ፣ ሳቅህን ታገሥ፣ አንተም ብትሆን አትዞርም ነበር።

አሳላፊው የሐማሴን ልጅ ነው፣ ሣህን ሊለውጥ ሲመጣ በግራዬ በኩል በቀጥታ አልመጣም፣ ሰው እንደቆመበት ቦታ ዞር ብሎ አለፈና ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ "ወንድሜ፣ ለሰውዬው ወንበር ላምጣለት እንዴ?" አለኝ።

"ለየትኛው ሰውዬ?"

ከትከሻዬ በላይ አየት አደረገና ዓይኑን ወዲያው መለሰ። "ይቅርታ፣ መስሎኝ ነው" ብሎ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጠረጴዛችን የላኩት ሌላ አሳላፊ ነው።

ይሄኔ ካፒታኖው በወይን ደምቆ "የእናንተንም ወግ አውቃለሁ!" አለና ወፍራም ጣቶቹን ሣህኑ ውስጥ ከትቶ አንድ ቁራጭ ዓሣ አነሣ። ሊያጎርሰኝ ነው። ጉርሻ ደግሞ እምቢ አይባልም፣ ያውም የወንድምህን ነፍስ ከያዘ ሰው እጅ። አፌን ከፈትኩ። ወደ መስኮቱ ሳይ ውጭ ሰዎች ቆመዋል፣ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች፣ አንድ መቋሚያ የያዙ ሽማግሌ፣ የጠመንጃ ያዥ ሰዎችም ነበሩባቸው፣ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ወይዘሮ አስካለ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ፊት ለፊት ያዩኛል። ዋጥኩ። ካፒታኖው የእኛን ተረት ከየት እንደሰማው እንጃ፣ "አንድ ያጣላል!" ብሎ በድጋሚ ሊያጎርሰኝ ተነሣ፣ ነጮቹም ከየጠረጴዛቸው ዞረው ይስቃሉ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት ብዬ ተመኘሁ፣ ዕድሜዬን ሁሉ እንደዚያ ቀን አላፈርኩም።

ያን ጊዜ ነው ሁሉ ነገር ነጭ የሆነው። እንዴት ልንገርህ፣ መስኮቱ ጠፋ፣ ወይዘሮ አስካለ ጠፉ፣ ካፒታኖው ራሱ ከእጁ በስተቀር ጠፋ፣ በግራም በፊትም ነጭ ጥጥ ብቻ፣ ድሩና ማጉ እስኪቆጠር ድረስ ቅርቤ፣ ከጥጡ ወዲያ ደግሞ ያቺ ፉጨት፣ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ ክንዱ የዛለ ሰው እንደሚተነፍሰው። ሁለተኛውን ጉርሻ ከነጠላ ውስጥ ሆኜ ዋጥኩ። ማንም አያየኝም ነበር፣ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ከዚያ ጨርቁ ወረደ፣ ፀሐይዋ ተመለሰች፣ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም፣ ካፒታኖውም ጣቱን በፎጣ እየጠረገ "እሺ፣ አሁን ጉዳይህን ንገረኝ" አለ።

ነገርኩት፣ እዚያው ፈረመልኝ።

ቅዳሜ ደምሴ ቤት መጣ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ሌላ ምንም አልሆነም፣ ግን ሁለት ክንዶቹን ማንሣት አቃተው፣ እናቴ ኩታ ልታለብሰው ብትል እንደ ሽማግሌ አቃሰተ።

"ገረፉህ?" አለችው እናቴ።

"ኧረ አልነኩኝም።"

"ታዲያ ክንድህ ምን ሆነ?"

"ዓርብ ስቆም ዋልኩ" አላት። አስረው አቁመውት ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ አልጨመረበትም። እናቴ በቅቤ ልታሸው ብላ ቅቤ ፍለጋ ወደ ጓዳ ስትገባ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰና፣ እኔ ስለ ዓሣው፣ ስለ መስኮቱ ለእሱም ሆነ ለማንም ትንፍሽ ሳልል፣ ረጋ ባለ ድምፅ "ጋሼ፣ ሰው እንዳያይህ ብዬ ነው" አለኝ።

በቃ፣ ይህን ብቻ። ወይዘሮ አስካለ ነግረውት ነው ትለኝ ይሆናል፣ እኔም ብዬ ነበር፣ ግን እሱ ከእስር ቤት በቀጥታ በካሚዮን ተጭኖ ደጃፋችን ነው የወረደው፣ ደግሞ እሳቸው ያዩት ጉርሻውን እንጂ ነጠላውን አይደለም፣ በኋላ በወሬ በወሬ ስጠይቃቸው "ስትበላ አየሁህ" ብቻ ነው ያሉኝ፣ ከዚያ ወዲህም እናቴ ቤት እግራቸውን አላነሡም።

አሁን አንተ አማርኛ ታውቃለህ፣ "ሰው እንዳያይህ" ሁለት ነው። እናቴ ደምሴን ነጠላ አስይዛ ስታቆመው "ሰው እንዳያየው" ስትል ዓይን እንዳይበላው፣ እንዳይታመም፣ ማለቷ ነው፣ ፍቅር ነው። ሌላውም አለ፣ ገመናህን ሰው እንዳያይብህ፣ አፍሬብህ ሸፈንኩህ የሚለው። የትኛውን ነው ያለኝ? ያን ቀን ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር፣ እናቴ ቅቤውን ይዛ ተመለሰች። እስከ ዛሬም አልጠየቅሁትም።

ደምሴ አለ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ሁለታችንም ሸብተናል፣ ማታ ማታ አብረን እንበላለን፣ ያቺ ፉጨቱም እስከ ዛሬ አለች። ልጠይቀው ብል ከአፉ አንድ ቃል ነው የሚወጣው፣ እሱም አይዋሽም። ግን እመነኝ ወዳጄ፣ የፈራሁት መልስ ከሆነ ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር ማዕድ ለመቅረብ ፊት የሚኖረኝ አይመስለኝም።