የተወነጀለችው ላም

ቦዲል ጋጣው ውስጥ፣ ከአንዲት የታሰረች ላም ኋላ፣ ግንባሯ ተሰንጥቆ ሞታ ተገኘች። የላሞችን አረማመድ በካሜራ እየተከታተለ የሚያነክሱትን የሚለይ፣ አለቃዋ የሠራውን የስታቲስቲክስ ሞዴል የምታሻሽል ወጣት ተመራማሪ ነበረች።

ኢንስፔክተር ቲራ ዩትላንድ በተባለው የገጠር አውራጃ ካለው ከዚያ እርሻ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም፤ ላሟን የሚገድል ጠመንጃ ግን ተዘጋጅቷል። የቲራ ደም ፈላ።

«ማነው ያዘዘው?»

«እኔ ነኝ» አለ የቦዲል አለቃ ፕሮፌሰር ፕሬበን። «ረግጣ ገደለቻት እኮ! ጤነኛ፣ ጉልበተኛ ላም ናት፤ ሞዴሌ ራሱ መስክሮላታል።»

«እኔ ሳልፈቅድ እዚህ ዝንብ አይሞትም!»

የእርሻው ባለቤት ኦሉፍ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ያፋጫል።

«ከሟች ጋር ትጨቃጨቁ ነበር አሉ» አለችው ቲራ።

«አዎ! ላሞችህ ያነክሳሉ እያለች አናቴን ታዞረው ነበር። ታዲያ ለዚህ ሰው ይገደላል?»

የእንስሳት ሐኪሟ ልጁ ሲግነ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል። «እውነቷን ነበር፣ አባዬ። ይቺን ላም ላክማት ያሰርኳት እኔ ነኝ፤ አንተም ታውቃለህ። ቦዲል የፕሮፌሰሩ ሞዴል እንዲህ ያሉትን ላሞች ለይቶ እንደማያውቅ ደርሳበት ነበር። ዛሬ ስብሰባ ላይ ልትናገር ስትል ፕሮፌሰሩ ጮኸባት።»

ቲራ ላሟ አጠገብ ቁጢጥ አለች። የላሟ ጀርባ ጎብጧል፤ ፍም ላይ የቆመች ይመስል የኋላ እግሮቿን ታፈራርቃለች። ሲግነ ሰኮናዎቿን አንስታ አሳየቻት፤ ሁለቱም መግል ቋጥረዋል።

ቲራ ሦስቱንም ጋጣው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«በእርግጫ ለመግደል አንዱ እግር ሲነሳ ሌላው ክብደቷን ሁሉ መሸከም አለበት። ይቺ ምስኪን በየትኛው ትቁም? ስለዚህ ገዳዩ ሰው ነው፤ ሬሳውን እዚህ የጣለውም ላሟ ጤነኛ መስላው ነው። ኦሉፍና ሲግነ ሕመሟን እያወቁ በእሷ አያሳብቡም፤ ጋጣው ሙሉ ሌላ ላም አለ። ፕሬበን፣ አንተ ግን ሞዴልህን አመንክ። የቦዲል ማስታወሻ እንደሚለው፣ እሱ የሚያየው የግራና የቀኝ እርምጃ ልዩነትን ብቻ ነው። ሁለቱም እግሮች እኩል ሲታመሙ ልዩነት የለም፤ ‹ጤነኛ› ይላል። ቦዲል የጀርባን መጉበጥ ጨምራ ያረመችው ይህንን ነበር።»

«ግምት ነው!»

«ፖሊሶቼ ደም የነካው ብረት መኪናህ ውስጥ አግኝተዋል። እሱም ግምት ነው?»

ፕሬበን ግድግዳውን ተደገፈ። «ሞዴሌ በየእርሻው የተተከለ ሥራ ነው... ለአንዲት ትንሽ ስህተት ስሜን ልታጠፋ...»

ኦሉፍ ሊዘልበት ሲል ሲግነ ያዘችው። ቲራ ካቴናውን አጥብቃ ቆለፈችበት።

«ትንሽ?» አለችው ፊቱ ላይ። «እስቲ ዞር በልና ላሟንም ቦዲልንም እያቸው!»

ፕሬበን ግን አልዞረም።